ቀና አስባለሁ ስንል የምንሠራቸው ስህተቶች

እኛ ድሬዎች፣ የድሬዳዋ ልጆች፣ ነገርን ቀለል አድርገን መያዝ እናውቅበታለን። ሥራ ቀረ? «አቦ ተወው፣ ሌላ ይመጣል!» ጥሩ ጠባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ነርሶችንና የቀድሞ ወታደሮችን ለብዙ ዓመታት ተከታትሎ ነበር። በጣም ተስፈኛ የሆኑት፣ ተስፋቸው አነስተኛ ከሆነው ይልቅ በአማካይ ከ11 እስከ 15 በመቶ የሚረዝም ዕድሜ ኖረዋል። ዕድሜ ያረዘመው ተስፋው ብቻ ነው ማለት ግን አይቻልም። ተስፋ ራሱ አያያዝ ይፈልጋል፤ እኛ ደግሞ እዚያ ላይ እንሳሳታለን።

የምርቃና እቅድን ተስፋ ብሎ መያዝ

ይኼ የኛው ነው። ከምሳ በኋላ፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ጫት ይዘን በርጫ ላይ ተቀምጠን አሥር ሰዓት ሳይሞላ ታይዋን ገበያ ላይ ሱቅ እንከፍታለን፤ ባጃጁ ሁለት ይሆናል፤ ከጅቡቲ ዕቃ ይገባል። ጠዋት ስንነሳ ሱቁም የለ፣ ባጃጁም የለ። (ጫት የማይቅመው ደግሞ አልጋው ላይ ተጋድሞ ስልኩን እየነካካ ያንኑ ያደርጋል፣ አይሳቅበት።)

ገብርኤለ ኤቲንገን የተባለች ጀርመናዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህን አጥንታለች። እ.ኤ.አ. በ1991 ከባልደረባዋ ጋር ባወጣችው ጥናት፣ ክብደት ለመቀነስ የተመዘገቡ ሴቶችን ተከታተለች። «ይሳካልኛል» ብለው የጠበቁት የበለጠ ቀነሱ። ቀጥነው፣ አምረው፣ ሰው ሲያደንቃቸው በሐሳባቸው እያጣጣሙ የከረሙት ግን ያነሰ ቀነሱ። በሐሳቡ ቀድሞ የደረሰ ሰው ለመንገዱ የሚሆን ጉልበት አይተርፈውም። የእሷ መድኃኒት ቀላል ነው፦ ምኞትህን ካሰብክ በኋላ ወዲያው «ምን ያግደኛል?» ብለህ ጠይቅ። የሱቅ ኪራይ ነው? ንግድ ፈቃድ ነው? መነሻ ብር ነው? ወይስ እኔው ራሴ ከሰዓት በኋላ ስለማልሠራ? የመጨረሻው መልስ ያማል፣ ግን ብዙ ጊዜ እውነቱ እሱ ነው።

አደጋን አለማየት

ከተማችንን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ግን ሌሊት ሰው በተኛበት ጎርፍ ወርዶ ከ200 በላይ ሕይወት ቀጠፈ። ደጋው ላይ ከዘነበ፣ ከተማው ደረቅ ሆኖም ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። ክረምት ሲገባ «ዘንድሮ ምንም አይመጣም» የሚል ሰው እኔ ተስፈኛ አልለውም። ተስፈኛው «ቢመጣም እንተርፋለን» ብሎ ሰነዱን ከፍ ያለ ቦታ የሚያስቀምጠው፣ ልጆቹን የት እንደሚያሸሽ ከወዲሁ የሚያውቀው ነው።

የአንድ ቀንን ክፋት የዕድሜ ልክ ማድረግ

የባጃጅ ሹፌር ቀኑን ሙሉ ከሳቢያን ሰፈር እስከ ከዚራ ሰፈር ተመላልሶ የነዳጁን እንኳ ሳያገኝ ሊገባ ይችላል። አንዱ «ዛሬ ገበያ ቀዘቀዘ» ይላል፤ ሌላው «እኔ ድሮም ዕድል የለኝም»። ማርቲን ሴሊግማን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ለዓመታት ያጠናው ይህንኑ ልዩነት ነው። ሁለተኛው ሹፌር ነገ ዘግይቶ ይወጣል።

«ተፈጥሮዬ ነው» ማለት

እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ የስዊድን መንትዮች ጥናት፣ በሰዎች የተስፈኝነት ልዩነት ውስጥ ከወላጅ የሚወረሰው ድርሻ ሩብ ያህል እንደሆነ ገምቷል። ቀሪው ከኑሮና ከልምድ ነው።

የታመመን ሰው በተስፋ መውቀስ

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይኼ ነው። «ተስፋ ስለቆረጠች እኮ ነው ያልዳነችው» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት ከአንድ ሺህ በላይ የአንገትና የራስ ካንሰር ሕሙማንን ተመልክቶ፣ ስሜታቸው ጥሩ መሆኑ ወይም አለመሆኑ በመትረፋቸው ላይ ለውጥ እንዳላመጣ ደርሶበታል። ሕመምተኛው ቢከፋው ጥፋት የለበትም፤ ይክፋው። ድል ጮራ ሆስፒታል ለተኛ ጎረቤት ስለ ቀና አስተሳሰብ ከመስበክ፣ ምሳ ይዞ መሄድና የሚያስታምመው ሰው ሄዶ እንዲተኛ አንድ ሌሊት ተራውን መውሰድ ይበልጥበታል።