ባሚያን ለማያውቁት ምግብ ቤቶች እንዴት አስለመድኩት

በሰው አገር ከተማ ባሚያ የሚባለውን አረንጓዴ አትክልት ለመሸጥ ይዤ የምግብ ቤት በር ሳንኳኳ መልሱ አንድ ነበር፦ «ያዝለገልጋል»። ዋጋ ብቀንስም፣ ናሙና በነጻ ብሰጥም ለውጥ የለም። ለካ ጥሬውን ሰጥቼ መሄዴ ነው ጥፋቱ፤ በማያውቁት መንገድ ይቀቅሉታል።

ስለዚህ ፈቃድ ጠይቄ እዚያው ወጥ ቤታቸው ማብሰል ጀመርኩ። አጥቤ በደንብ አደርቀዋለሁ፣ ሳልከትፍ በጣም በጋለ መጥበሻ እጠብሰዋለሁ፣ መጨረሻ ላይ ሎሚ። ዝልግልጉን የሚያወጣው መክተፍና ውሃ ነው፤ ኃይለኛ ሙቀትና ኮምጣጣ ነገር ይቀንሱታል። አንዷ ሼፍ ደግማ ቀመሰችና በዚያው ሳምንት አዘዘች። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም!

ቀሪው ችግር ማቀዝቀዣው ነበር። ባሚያ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲቆይ ስለሚጠቁር ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ባለው አስቀምጣለሁ። ከ10 ሴንቲ ሜትር የሚረዝመውንም አላቀርብም፤ ቃጫ ይሆናል።