ከድሬዳዋ ተነስቶ ወደ ማኔጅመንት ማማከር ሥራ መግባት

የማማከር ሥራ ከሩቅ ሲያዩት ሱፍ ለብሶ ምክር መስጠት ይመስላል። አብዛኛው ቀን የሚያልቀው ግን ከሦስት እስከ አምስት ሰው ሆኖ አንድን ጥያቄ በመከፋፈል፣ ቁጥር በመልቀምና የማይታረቁ የኤክሴል ሠንጠረዦችን በማስታረቅ ነው። ፕሮጀክቱ በጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ያልቃል፤ ዛሬ ሲሚንቶ ያጠና ቡድን ነገ ጤና ጣቢያ ይመደባል።

ትልልቆቹ ድርጅቶች አመልካቾችን የሚያጣሩት በኬስ ቃለ መጠይቅ ነው፤ አንድ የንግድ ችግር ሰጥተው እንዴት እንደምትፈቱት ያያሉ፤ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይፈጃል። «የአንድ ዳቦ ቤት ትርፍ ቀነሰ፣ ለምን?» ተባላችሁ እንበል። «ማስታወቂያ ይሥራ» ብሎ የጀመረ ተፈታኝ ገና ሳይመረምር መድኃኒት አዘዘ። መጀመሪያ ትርፍን ለገቢና ለወጪ፣ ገቢን ደግሞ ለብዛትና ለዋጋ ክፈሉ። አምና በቀን 3,600 ዳቦ በ7 ብር፣ ዘንድሮ 3,000 በ8 ብር ከሆነ ገቢው ከ25,200 ወደ 24,000 ወርዷል፤ ያውም ዋጋ ተጨምሮ። የቀነሰው ሽያጭ የጠዋቱ ነው የማታው? ደንበኛው ጎረቤት ሄደ ወይስ አራት ይገዛ የነበረው ሦስት መግዛት ጀመረ? የዳቦው ክብደት ካልተለወጠ የዱቄት ፍጆታም በአንድ ስድስተኛ መቀነስ አለበት፤ ካልቀነሰ ብክነት ወይም ስርቆት አለ። ስሌቱን ጮክ ብላችሁ ሥሩ፤ ጠያቂው ከመልሱ ይበልጥ መንገዱን ነው የሚያየው።

መለማመጃው ደጃችሁ ነው። የድሬዳዋው ከፊራ ገበያ ገብታችሁ ሽንኩርት ነጋዴዋን «በቀን ስንት ብር ይሸጣሉ?» ካላችሁ የግብር ሰዎች ትመስሏቸውና ዝቅ አድርገው ይነግሯችኋል። «በሳምንት ስንት ኩንታል ይገባልዎታል? በስንት ቀን ያልቃል?» በሉ። ገዢ ስትቆጥሩ ሰዓት ምረጡ፦ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ከቀትር እስከ 9 ሰዓት ገደማ፣ ብዙው ሱቅ ይዘጋል። በዚያ ሰዓት ቆጥሮ «ገበያው ሞቷል» የሚል ሪፖርት የሚጽፈው ድሬን የማያውቅ ሰው ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ መስማታችሁን ሲቪያችሁ ላይ ከላይ አስቀምጡት፤ አስተርጓሚ የማያስፈልገው ባለሙያ ለቡድን መሪ ትልቅ እፎይታ ነው።

ብዙ ቡድን የሚሰናከለው በዘመን አቆጣጠር ነው። የ2016 በጀት ዓመት በፈረንጅ ከጁላይ 8 ቀን 2023 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2024 ያለው ነው። በዚህ የሚሠራን የመንግሥት መሥሪያ ቤት አኃዝ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ከሚዘጋ ኩባንያ አኃዝ ጎን እንዲሁ ከደረደራችሁት ግማሽ ዓመት ይንሸራተታል፤ ያልነበረ ዕድገት ታያላችሁ። መረጃው ሲመጣ የዘመኑን ዓይነት አምዱ አናት ላይ ጻፉ። ግምቶችን ለብቻ ሉህ ላይ በሰማያዊ፣ ቀመሮችን በጥቁር አስቀምጡ። ፋይሉን የሚይዘው አንድ ሰው ይሁን፤ «የመጨረሻ፣ የመጨረሻ 2» የሚባሉ ፋይሎች የተወለዱት ሁሉም በየፊናው ሲያርም ነው።

ሲቪው አንድ ገጽ ይበቃዋል። «በቡድን መሥራት እችላለሁ» ማለት ወረቀት መፍጀት ነው፤ ስንት ሆናችሁ፣ በስንት ቀን፣ ስንት ሱቅ እንደቆጠራችሁ ጻፉ።

ልምድ ለሌለው ቅርቡ መግቢያ የጥናት መረጃ ሰብሳቢነት ነው። ስትዋዋሉ ክፍያው በቀን ይሁን በተሞላ መጠይቅ ልክ በጽሑፍ ያዙ። በመጠይቅ ከሆነ ቀትር ላይ የምታንኳኩት ዝግ ሱቅ ሁሉ ከኪሳችሁ ነው።