ቀን እያየ ሌሊት የሚታወር ካሜራ፦ የርካሽ ትሬል ካሜራ ችግርና መፍትሄ

ባሌ ውስጥ ለአስጎብኚዎች፣ ለፓርክ ጥበቃ ስካውቶችና ለመመረቂያ ጽሑፋቸው መረጃ ለሚሰበስቡ ተማሪዎች ብዙ ትሬል ካሜራ ፈትቼ ገጥሜያለሁ። ዛፍ ላይ ታስሮ፣ እንስሳ ሲያልፍ በራሱ የሚያነሳውን ካሜራ ማለቴ ነው። "ተበላሸ" ተብሎ ከሚመጣልኝ አብዛኛው ምንም አልሆነም። የሞተው ውስጡ የገባው የባትሪ ድንጋይ ነው። ስለዚህ እዚህ ስለ ድንጋይ ብዙ አወራለሁ፣ ስለሌላው አጠር አደርጋለሁ። ካርዱ መግባቱን፣ የካርዱ መቆለፊያ መከፈቱን፣ ማብሪያው "ኦን" ላይ መሆኑን አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

የቀን ፎቶ አለ፣ የሌሊቱ የለም ወይም ጥቁር ነው

ይህን ችግር ስንት ጊዜ እንዳየሁት መቁጠር ትቻለሁ። ካርዱን ስትከፍቱ ከጠዋት እስከ ማታ ፎቶው ሞልቷል። ከመሸ በኋላ ያለው ግን ወይ ድፍን ጥቁር ነው፣ ወይ ቪዲዮው ሁለት ሴኮንድ ሄዶ ይቆረጣል፣ ወይ ጭራሽ ምንም የለም። ፀሐይ ስትወጣ ካሜራው እንደገና ነፍስ ይዘራል። የባትሪ ምልክቱም ሙሉ ነው ይላል። ባለቤቱ "ፍላሹ ተቃጥሏል" ብሎ ይዞልኝ ይመጣል።

ፍላሹ አልተቃጠለም። ካሜራው ቆሞ ሲጠብቅ የሚበላው ኃይል ኢምንት ነው። ቀን ፎቶ ሲያነሳም ብዙ አይፈልግም። ሌሊት ግን የኢንፍራሬድ መብራቱን፣ ማለትም ፍላሹን፣ ማብራት አለበት። በዚያች ቅጽበት አንድ አምፔር ገደማ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይስባል። ደካማ ድንጋይ ይህን መስጠት አይችልም። ቮልቴጁ ይወድቃል፣ ካሜራው ይጠፋል። መብራቱ ሲጠፋ ድንጋዩ ጫናው ይቀልለትና ያገግማል። ጠዋት ሲታይ ጤነኛ ይመስላል።

ድንጋዩን አውጥታችሁ በቴስተር ብትለኩት 1.5 ቮልት ያሳያችኋል። አትመኑት። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ድንጋይ ሁሉ ጤነኛ ነው። እኔ የምለካው ሥራ አስይዤ ነው። ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ 12 ቮልት 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል እገዛለሁ። አራት ድንጋይ በተርታ ደርድሬ አምፖሉን አገናኛለሁ። በ6 ቮልት ስለሚሠራ ደብዘዝ ብሎ ነው የሚበራው፤ የሚስበው ግን ከአንድ አምፔር ትንሽ ያልፋል። ካሜራው ሌሊት የሚፈልገውም እዚያው አካባቢ ነው። አምፖሉ እንደበራ አሥር ሴኮንድ ጠብቃችሁ ለኩ። አዲስ አልካላይን ከሆነ 5 ቮልት አካባቢ ይቆያል። ደካማው ዓይናችሁ እያየ ወደ 4፣ ከዚያም ወደ 3 ይወርዳል። የአምፖሉ ሽቦም ቢጫ የነበረው ቀይ ይሆናል። ይህን አንድ ጊዜ ያየ ሰው ሁለተኛ ስለ ድንጋይ አይከራከረኝም።

ሱቅ በደረስንበት የምናገኘው፣ ለግድግዳ ሰዓትና ለሪሞት የምንገዛው ርካሽ ድንጋይ ዚንክ ካርቦን ነው። "ሄቪ ዲዩቲ" ተብሎ ይጻፍበታል። ጽሑፉ ከባድ ሥራ የሚችል ያስመስለዋል። ለሰዓት በቂ ነው። ለካሜራ አይሆንም። "አልካላይን" የሚል ካልተጻፈበት ገንዘባችሁን አታውጡ። ከተጻፈበትም በፍሬቻ አምፖሉ ፈትኑት፤ ልባሱን ብቻ የቀየሩ ብዙ አይቻለሁ።

አንድ የተማሪዎች ቡድን ባሌ ተራሮች ላይ ባለው የሳኔቲ አምባ ስድስት ካሜራ አስሮ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደስ ብሎት ተመለሰ። ቀይ ቀበሮው በሽ በሽ ነው። በአንዱ ፎቶ ላይ ፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ አድብቶ፣ ሁለት ጆሮውን ወደ ፊት ቀስሮ፣ የፊት እግሩን አንስቶ ቆሟል። የጢሙ ፀጉር ሳይቀር ይቆጠራል። ቀይ ቀበሮ ቀን ነው የሚያድነው፣ ፍልፈሉም ቀን ነው የሚወጣው። ስለዚህ ካርዱ የተሟላ መሰላቸው። ከመካከላቸው አንዷ "ጅቡስ? ጥንቸሉስ?" ባትል ኖሮ ማንም ባልነቃ ነበር። ቁጭ ብለን ሰዓቱን አየነው። በስድስቱም ካሜራ፣ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች በቀር፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋት አንድም ፎቶ የለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ በዚያ ብርድ የተለፋው ለግማሽ ቀን መረጃ ነበር። ያ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እዚያ ላይ ብርዱም አለበት። ሳኔቲ ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። አልካላይን በብርድ ጉልበቱን ያጣል፤ የሚያጣውም ልክ መብራቱ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። ለሳኔቲ የምመክረው አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን የሊቲየም ድንጋይ ነው። ባለ 1.5 ቮልት ነው፣ ከዜሮ በታች እስከ 40 ዲግሪ ይሠራል፣ ቮልቴጁም እስከ መጨረሻው እምብዛም አይወርድም። ውድ ነው። ግን ካሜራውን ለማየት አንድ ጊዜ ለመውጣት የምታወጡት የነዳጅና የፈረስ ኪራይ ከዚያ ይበልጣል። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የሊቲየም ድንጋይ የባትሪ ምልክት ላይ ሙሉ እያሳየ ድንገት ነው የሚያልቀው። ስለዚህ ያስገባችሁበትን ቀን ጻፉ።

ሐረና ጫካ ጫፍ ላይ የሚሠራ አንድ አስጎብኚ ደግሞ ካሜራው "ተበላሽቶበት" ሁለተኛ ገዛ። ሁለተኛውም በሳምንቱ ሌሊት አላይ አለ። ሁለቱንም ይዞ መጣ። "ወንድሜ፣ ድንጋዩን ከየት ገዛኸው?" አልኩት። ከአንድ ካርቶን ነው፤ ለሁለተኛው ካሜራም ከዚያው ካርቶን የተረፈውን ነው ያስገባው። ለእያንዳንዳቸው ስምንት ስምንት አዲስ አልካላይን አስገባሁና የካሜራዎቹን ፊት በጥቁር ፌስታል ጋርጄ እጄን ፊታቸው አወዛወዝኩ። ሁለቱም አበሩ። የሁለተኛው ካሜራ ዋጋ ለአንድ ዓመት ድንጋይ ይበቃው ነበር።

ቻርጅ የሚደረገውን ኒኬል ድንጋይ የምትመርጡ ከሆነ እኔም እወደዋለሁ። አንዱ 1.2 ቮልት ብቻ ቢሆንም ጫና ሲመጣበት ከደካማ አልካላይን በብዙ ይሻላል። አንዳንድ ካሜራ ግን ዝቅ ያለውን ቮልቴጅ አይቶ "ባትሪ አልቋል" ይላል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የካሜራው መመሪያ ኒኬል እንደሚቀበል ይናገር እንደሆነ እዩ። አቅሙን ለማሳየት የተጻፈበትን የሚሊ አምፔር ሰዓት ቁጥር አትመኑ። በዚህ መጠን ያለ (ኤኤ) ድንጋይ እውነተኛ አቅሙ ቢበዛ ከ2,500 እስከ 2,700 ነው። ከዚያ በላይ የተጻፈበት ውሸት ነው። በእጃችሁ መዝኑት፤ ቀለል ካላችሁ ውስጡ ባዶ ነው።

ልጅ ሆነን ያለቀ የሬዲዮ ድንጋይ ፀሐይ ላይ እናሰጣ ነበር። ትንሽ ይነቃ ነበር፣ እውነት ነው። ለካሜራ ግን አይሠራም። ሊቲየምን ደግሞ ፀሐይ ላይ አታስጡ፣ እሳት ዳር አታስጠጉ፣ በጥርስ አትንከሱ። ሊፈነዳ ይችላል። ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም ካምፕ ውስጥ ድንጋይ ከምድጃ አጠገብ ደርድሮ የሚያሞቅ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

አሮጌና አዲስ አትቀላቅሉ። ሁለት ዓይነትም አትቀላቅሉ። ስምንቱንም በአንድ ቀን አስገቡ፣ በአንድ ቀን አውጡ። አንዱ ደካማ ሌሎቹን ይዞ ይወድቃል፣ ከዚያም ያፈሳል። ሞላው ላይ ነጭ ቅርፊት ካያችሁ የአልካላይን ፍሳሽ ነው። የሎሚ ጭማቂ በጥጥ ነክራችሁ አሹት፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ በደንብ ይድረቅ። ወቅቱ አልቆ ካሜራው ቁም ሳጥን ሲገባ ድንጋዩ ውስጡ አይቅር። አይቅር! ሞላቸው ተበልቶ የመጡልኝ ካሜራዎች ሁሉ ክረምቱን ድንጋይ በሆዳቸው ይዘው የከረሙ ናቸው።

ከውጭ ባትሪ ጋር ሲያያዝ ይጠፋል፣ ወይም ጨርሶ ሞቷል

ፓወር ባንክ አገናኝቶ "በሰዓቱ ይጠፋል" የሚል ሰው ብዙ ነው። ፓወር ባንክ ስልክ ለመሙላት የተሠራ ነው። የሚሳበው ኃይል በጣም ትንሽ ሲሆን ስልኩ ሞልቷል ብሎ ራሱን ይዘጋል። ካሜራ ደግሞ ሲጠብቅ የሚስበው ትንሽ ነው። ስለዚህ ተራ ፓወር ባንክ ይቅርባችሁ።

የሚያዋጣው የታሸገ የእርሳስ ባትሪ ነው። ባለ 6 ቮልቱ ቻርጅ በሚደረጉ የድንገተኛ መብራቶች ውስጥ አለ። ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓቱ የዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር የሚያቆየው ዕቃ) ባትሪ ነው። ከባድ ነው፣ ግን ለወራት ያቆማል። ግማሽ ሲደርስ አውርዳችሁ ሙሉት፤ ጨርሶ ካለቀ ቶሎ ይሞታል። ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ክተቱት፣ ሽቦውን በኤሌክትሪክ ቱቦ ውስጥ አሳልፋችሁ ቅበሩት። ጃርትና አይጥ ሽቦ ይበጣጥሳሉ።

ከመሰካታችሁ በፊት መግቢያው ቀዳዳ አጠገብ የተጻፈውን አንብቡ። 6 ቮልት ነው ወይስ 12? ፕላሱ መሃል ነው ወይስ ዳር? አንድ ልጅ የዩፒኤስ ባትሪ በባለ 6 ቮልት ካሜራ ላይ ሰክቶ አመጣልኝ። ክዳኑን ስከፍት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ቦርዱ ላይ ሽንብራ የምታህል ጥቁር ቀዳዳ ነበረች። ያንን ማዳን አልቻልኩም። ቀዳዳው ልክ መግጠሙ ቮልቱ ልክ ነው ማለት አይደለም።

በቅርቡ ደግሞ "9,900" ሚሊ አምፔር ሰዓት የተጻፈባቸው፣ 18650 የሚባሉ ቻርጅ የሚደረጉ የሊቲየም ባትሪዎች ገበያውን ሞልተውታል። በዓለም ላይ ያለ ምርጥ 18650 ከ3,600 ብዙም አያልፍም። ክብደቱም 45 ግራም አካባቢ ነው። የቀለለውን አትንኩ።

የፀሐይ ፓነል ሜዳ ላይ ይረዳል። ሐረና ጫካ ጥላ ውስጥ ግን አይሞላም።

ሺህ ፎቶ አለ፣ እንስሳ የለም

ሣር ነው። ካሜራው ፊት ያለውን ሣርና ቅርንጫፍ እጨዱ። ፊቱን ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ አታዙሩ፤ ፀሐይ ሴንሰሩን ታታልለዋለች። ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ይሁን። ከብት በሚያልፍበት መንገድ ካሰራችሁ ደግሞ ካርዱ በላም ይሞላል።

እንስሳው አልፎ ካልተነሳ፣ ሴንሰሩ የሚያየው ሙቀት ሲንቀሳቀስ መሆኑን አስታውሱ። ከፊት ለፊት ከሚመጣው ይልቅ በአግድም የሚያልፈውን ቶሎ ያያል። ከመንገዱ ከ3 እስከ 5 ሜትር ራቁ፣ በጉልበት ከፍታ እሰሩ። አዋሽን በመሰለ ቆላ እኩለ ቀን ላይ መሬቱና እንስሳው እኩል ስለሚሞቁ ብዙ ያመልጣል። ያ የካሜራው ብልሽት አይደለም።

ሰዓቱ ተሳስቷል

ድንጋዩ ሲያልቅ ሰዓቱ ወደ ፋብሪካው ቀን የሚመለስ ካሜራ አለ። ሌላው በእኛ አቆጣጠር የሚሞላ ሰው ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ "2" ብሎ ሞልቶ፣ ደጋ አጋዘኑ በጠራራ ፀሐይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሣር ሲግጥ ተመዝግቦ አይቻለሁ። በ24 ሰዓት አቆጣጠር ሙሉ፤ ቀኑም በፈረንጆቹ ይሁን። አስራችሁ ስትጨርሱ ሰዓትና ቀን የሚያሳየውን የስልካችሁን መስታወት ካሜራው ፊት ያዙና አንድ ፎቶ ያንሳ። በኋላ ስህተት ቢኖር ከዚያች ፎቶ ተነስታችሁ ታስተካክላላችሁ።

ሌሎቹ ባጭሩ

ካርዱን አያነብም፦ ብዙ ርካሽ ካሜራ ከ32 ጊጋ በላይ አይቀበልም። ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ካሜራው ውስጥ ፎርማት አድርጉ። ከመሄዳችሁ በፊት ካርዱን በፋይል ሙሉትና የመጨረሻዎቹን ክፈቱ፤ ሐሰተኛ ካርድ እዚያ ይጋለጣል።

ሌንሱ ውስጥ ጉም፦ የክዳኑ ጎማ ላይ ፀጉር ወይም አፈር አለ። ጥረጉት፣ እርጥበት የሚመጥ ከረጢት ክተቱ።

የጥርስ ምልክት፦ ጅብ ነው። ወፍራም የብረት ሳጥን ካልሆነ በቀር መድኃኒት አላገኘሁለትም።

ገና ካልገዛችሁ

ሜጋፒክስሉን አትዩ። ርካሹ ካሜራ ላይ "48" ተብሎ ከተጻፈው አብዛኛው በሶፍትዌር የተነፋ ነው። ካርድ ከመሙላት በቀር አይጠቅማችሁም። የምታዩት ይህን ነው፦ ስምንት ድንጋይ ይይዛል? የውጭ ባትሪ መግቢያ አለው? በስንት ቮልት? የሚያነሳው ከግማሽ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ነው? ክዳኑ ላይ ሙሉ ጎማ አለ? የኢንፍራሬድ መብራቱ 850 ናኖሜትር ከሆነ ርቆ ያያል፣ ግን ቀይ ፍም ይታያል። 940 ለሰውም አይታይም፣ ግን ርቀቱ ያጥራል። ሌባ ባለበት 940 ግዙ። በስልክ ፎቶ የሚልከው ኔትወርክ በሌለበት ጫካ ኔትወርክ ሲፈልግ ድንጋዩን ይጨርሰዋል። ፓርክ ውስጥ ከሆነ ከጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ ሳትይዙ አትሰሩ፤ ስካውቶቹ ይነቅሉታል፣ መብታቸውም ነው።

ተራራ ከመውጣታችሁ በፊት ካሜራውን በምትጠቀሙበት ድንጋይ ሦስት ሌሊት ጓሮ አሳድሩት። ድመት ብታልፍ ይበቃል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ካርዱን አውጡና የቀኑን ዝለሉት። የመጨረሻውን ሌሊት የ9 ሰዓት (ካሜራው ላይ 03:00 የሚለውን) ፎቶ ፈልጉ።