ከፍ ብላችሁ መዝለል ከፈለጋችሁ የዝላዩን ብዛት ቀንሱ

ብዙ ልጆች በየቀኑ እግራቸው እስኪዝል 100 ጊዜ ይዘሉና “ምንም ለውጥ የለም” ይላሉ። ስለሰነፉ አይደለም። የደከመ ጡንቻ መሬቱን በፍጥነት መግፋት ስለማይችል ሰውነታቸውን የሚያለማምዱት ዝግ ብሎ መዝለልን ነው።

እንዲህ ሞክሩት፦ 5 ጊዜ ብቻ ዝለሉ፣ ግን እያንዳንዷን ባለ በሌለ ኃይላችሁ፣ እጃችሁን ወደ ኋላ ስባችሁ ወደ ላይ እየወነጨፋችሁ። ከዚያ 2 ደቂቃ ሙሉ እረፉ። 4 ዙር ይበቃል። በሳምንት 2 ቀን፣ መሃል ላይ ቢያንስ አንድ ቀን ክፍተት ይኑር። ስኳትም (ቁጭ ብድግ) አትተዉ፣ ጠንካራ ጭንና መቀመጫ ከሌለ ዝላዩ ከየት ይመጣል?

ስታርፉ ደግሞ ድምፁን አዳምጡ። ወለሉ “ጧ!” ካለ ምቱን የተቀበለው መገጣጠሚያችሁ ነው። በእግራችሁ ፊተኛ ክፍል ንኩና ጉልበትና ዳሌያችሁን እያጠፋችሁ ቀስ ብላችሁ ውረዱ፣ ልክ እንደ ድመት። ጉልበታችሁ ወደ ውስጥ ከገባ ግን የዛን ቀን አቁሙ፣ እባካችሁ። የጉልበት ጅማት ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ሲዘሉ ሳይሆን ሲያርፉ ነው።

ለውጡን ለማየት ጣታችሁን ጠመኔ ቀብታችሁ ዝለሉና ግድግዳ ላይ ምልክት አድርጉ፣ በየ2 ሳምንቱ።