የመርፌ መወጋት አደጋን በጤና ተቋም ውስጥ እንዴት መከላከል ይቻላል?

በጤና ተቋም ውስጥ በመርፌ የሚወጋው ሐኪም ወይም ነርስ ብቻ አይደለም። የጽዳት ሠራተኞች፣ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠራተኞችና ቆሻሻ ወደ ማቃጠያ የሚያጓጉዙ ሰዎች በሥራቸው መርፌ ይዘው ባያውቁም፣ አንሶላ ውስጥ ተጠቅልሎ ወይም ከጥቁር ፌስታል ወጥቶ የሚወጋቸው ሌላ ሰው የጣለው መርፌ ነው። ከአደጋው ብዙው ክፍል የሚደርሰውም መርፌው አገልግሎቱን ከሰጠ በኋላ በመሆኑ፣ ጥንቃቄው በዚያች አጭር ጊዜ ላይ ማተኮር አለበት።

በቅድሚያ የሴፍቲ ቦክሱን፣ ማለትም ያገለገሉ መርፌዎች የሚጣሉበትን ጠንካራ ሣጥን፣ ቦታ ያስተካክሉ። ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ያስገባች ነርስ መርፌውን በእጇ ይዛ በአልጋዎች መካከል እያለፈች እስከ ኮሪደሩ ጥግ የምትሄድ ከሆነ፣ ምንም ያህል ሥልጠና ቢሰጣት አደጋው አይቀርም፤ ስለዚህ ሣጥኑ በመድኃኒት ጋሪው ላይ፣ እጅ በሚደርስበትና አፉ በግልጽ በሚታይበት ከፍታ ይቀመጥ። ሦስት አራተኛው ሲሞላ ተዘግቶ ይነሣ። ሞልቶ ሳለ በጓንት እጅ ጫን ጫን እያደረጉ ቦታ ማስፋት፣ ወይም ገልብጦ ሣጥኑን ዳግም መጠቀም ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ሣጥን ካለቀ ወፍራምና ክዳን ያለው የበረኪና ጀሪካን ምልክት ተደርጎበት ሊተካ ይችላል፤ ስስ የሃይላንድ ፕላስቲክ ግን መርፌ ስለሚበሳው አያገለግልም።

መርፌን መልሶ መክደን መቅረት ያለበት ልማድ ነው። የግድ ከሆነ ክዳኑን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው፣ ሌላኛውን እጅ ሳያስጠጉ፣ በአንድ እጅ ብቻ በመርፌው ጫፍ ያንሡት። ሕፃን ወይም የሚንፈራገጥ ታካሚ ሲኖር ደግሞ የሚይዝ ሁለተኛ ሰው ሳይጠሩ አይጀምሩ።

ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ክትባት ችላ መባሉ የሚያስገርም ነው። ሠራተኛው አብዝቶ የሚፈራው ኤችአይቪን ቢሆንም፣ በቫይረሱ በተበከለ መርፌ ከተወጉ 1000 ሰዎች በኤችአይቪ የሚያዙት 3 ገደማ ሲሆኑ፣ ያልተከተቡ ሰዎች በሄፓታይተስ ቢ የመያዝ ዕድላቸው ግን ከ100 ከ6 እስከ 30 ይደርሳል። ክትባቱ በመጀመሪያው ቀን፣ በ1ኛውና በ6ኛው ወር በሦስት ዙር ይሰጣል፤ የጽዳት ሠራተኞች፣ የኮንትራት ሠራተኞችና የተግባር ልምምድ ተማሪዎች ከዝርዝሩ እንዳይቀሩ።

አደጋው ከደረሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ይጠቡ። ደም እንዲወጣ መጭመቅ፣ በረኪና ወይም አልኮል ማፍሰስ አይገባም። ደም ዓይን ውስጥ ከተረጨ በንጹሕ ውኃ ወይም በሳላይን ደጋግመው ያጠቡ። ከዚያም ለተረኛ ኃላፊ ያሳውቁ፤ ታካሚው ፈቃደኛ ከሆነ ለኤችአይቪና ለሄፓታይተስ ይመርመር። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት፣ ማለትም ፔፕ፣ ቢቻል በ2 ሰዓት ውስጥ፣ ቢዘገይ ግን ከ72 ሰዓት ሳያልፍ ተጀምሮ ለ28 ቀናት ይወሰዳል። የታካሚው ውጤት እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ነጻ መሆኑ ከተረጋገጠ መድኃኒቱ ይቋረጣል።

ብዙ ተቋማት የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ፔፕ የሚገኘው በኤአርቲ ክሊኒክ (የኤችአይቪ ሕክምና በሚሰጥበት ክፍል) ብቻ ከሆነ፣ አርብ ከምሽቱ 2 ሰዓት የተወጋች አዋላጅ ነርስ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ክሊኒኩ ሲከፈት 60 ሰዓት አልፏታል። ስለሆነም ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚበቃ መድኃኒት በድንገተኛ ክፍል ይቀመጥ፤ ቁልፉም በተረኛው እጅ ይሁን።

በመጨረሻም የአደጋ መዝገብ ያስፈልጋል። አንድም አደጋ ሳይመዘገብበት ዓመት ያለፈበት ሆስፒታል ሠራተኞቹ መናገር የፈሩበት እንጂ አደጋ የሌለበት ነው ብሎ ማመን ያዳግታል። ሪፖርት ያደረገ ሰው ተግሣጽ እንዳይደርስበትና የምርመራ ውጤቱ በምስጢር እንዲያዝ በጽሑፍ ይደንገግ። በመዝገቡም አደጋው የደረሰበት ክፍል፣ የመርፌው ዓይነት፣ ሥራው የደረሰበት ደረጃና ሰዓቱ ይስፈር፤ የኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴውም በየወሩ እያየ አደጋ በተደጋገመበት ክፍል የአሠራር ለውጥ ያድርግ።