አሸዋ የበላው የፊት መስታወት፦ ይጸዳል ወይስ ይቀየራል?

አዳማ ላይ የሚሠራ መኪና የፊት መስታወቱ ቶሎ ያረጃል። ነፋሱ አሸዋ ያነሳል፤ በመተሐራ መንገድ የሚመላለሱት የጅቡቲ ተሳቢዎችም ጠጠር ይረጫሉ። ጉዳቱ እኩለ ቀን ላይ አይታወቅም። ከሰዓት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሲነዱ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታ ወይም ማታ የሌላ መኪና መብራት ሲያርፍበት ግን መስታወቱ በሙሉ ነጭ ሆኖ መንገዱን ይጋርዳል።

ከመወሰንዎ በፊት በደንብ ያጽዱት። መጀመሪያ አቧራውን በብዙ ውሃ ያውርዱ። በደረቅ ጨርቅ መጥረግ አሸዋውን መልሶ መስታወቱ ላይ መፈተግ ነው። በሳሙና ካጠቡ በኋላ የውሃ ነጠብጣብ ከቀረ አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅለው በጨርቅ አርሰው ለአምስት ደቂቃ ያስቀምጡበት፤ ከዚያ ያለቅልቁት። የዝናብ መጥረጊያው የተወውን ቅባት በአልኮል ያንሱ። የመጥረጊያው ጎማ ደርቆ ከተሰነጠቀ ይቀይሩት።

ሲጨልም አንድ ሰው ከውጭ የእጅ ባትሪ በአግድም ያብራ፣ እርስዎ ከውስጥ ይመልከቱ። ቅስት ሠርቶ የሚታየው የመጥረጊያው ጭረት ነው። ጥፍር የማይዘው ከሆነ በሴሪየም ኦክሳይድ (መስታወት ማለስለሻ ዱቄት) እና በለስላሳ ፌልት (ጥቅጥቅ ያለ የሱፍ ጨርቅ)፣ ዘወትር እያረጠቡና እንዳይግል እየተጠነቀቁ ማደብዘዝ ይቻላል። እንደ ከዋክብት የተበተኑት ነጥቦች ግን ጉድጓዶች ናቸው፤ የጥርስ ሳሙናም ሆነ ሞረድ አያጠፋቸውም። እነሱን ለማጥፋት ዙሪያቸው ያለው መስታወት እስከ ጥልቀታቸው መላግ አለበት። ያን ጊዜ መስታወቱ ወጣ ገባ ይሆንና አስፋልቱ ተጣሞ ይታያል። በሾፌሩ ዓይን ትይዩ ይህን በፍጹም አያሠሩ፤ ይቀይሩት።

በጎማ የተያዘ የድሮ መስታወት ቀላል ነው፦ በአዲሱ ጎማ ቦይ ውስጥ ገመድ ይዞራል፣ በሳሙና ውሃ ይለሰልሳል፣ አንዱ ከውጭ ሲጫን ሌላው ገመዱን ከውስጥ ይስባል።

በማጣበቂያ የተያዘው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ መስታወቱ ለጣሪያው ጥንካሬ ያግዛል፣ በብዙ መኪኖች ደግሞ የተሳፋሪው ኤርባግ የሚደገፈው እሱን ነው። ስለዚህ ተራ ሲሊኮን አይቀበሉ፤ ዩሬታን የተባለው የመኪና መስታወት ማጣበቂያ መሆኑንና ጊዜው አለማለፉን ቱቦው ላይ ያንብቡ። አሮጌው ማጣበቂያ እስከ ላሜራው አይፋቅም፤ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይቀራል፣ አዲሱ የሚይዘው እሱን ነው። ላሜራው ከተጫረ ወይም ከዛገ ዝገቱ ይነሳና ፕራይመር (ማጣበቂያው እንዲይዝ ቀድሞ የሚቀባ ቅብ) ይቀባል። የመስታወቱ ጥቁር ጠርዝም እንዲሁ ፕራይመር ይቀባል፤ በእጅ አይነካም። ማጣበቂያው ሳይቆራረጥ በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ይዞራል። ሁለተኛ ቱቦ ቀድሞ ይዘጋጅ፤ መሐል ላይ ካለቀ የመጀመሪያው ላዩ ይደርቃልና።

ዩሬታን የሚጠነክረው ከአየር እርጥበት ወስዶ ነው። ስለዚህ በአዳማ በጋ፣ አየሩ ሲደርቅ፣ ቱቦው ላይ ከተጻፈው ሰዓት በላይ ይታገሱ። በመጀመሪያው ቀን አንድ የጎን መስታወት ትንሽ ከፍተው ይተዉ፤ በር ሲዘጋ የሚፈጠረው የአየር ግፊት ትኩሱን ማጣበቂያ ያነሳዋል። ለሁለት ቀን በግፊት ውሃ አያሳጥቡ።

ከዚያ በቀስታ በሚወርድ ውሃ ይፈትሹ፤ አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ ጠርዙን በእጁ ይዳስስ። ውሃ ከገባ ከውጭ ሲሊኮን አያስደርድሩበት፤ ፍሳሹን ይሸፍነዋል፣ ውሃው ግን ውስጥ ለውስጥ ላሜራውን ይበላዋል። የገጠመው ባለሙያ ያን ቦታ ከፍቶ በዩሬታን ይድገመው።