ፓናኮታ ላይ የሌላ አገር ጣዕም ሲጨመር፦ ችግሩና መፍትሄው

ፓናኮታ የሰሜን ጣሊያን፣ በተለይም የፒዬሞንት ጣፋጭ ነው። ስሙ «የበሰለ ክሬም» ማለት ነው። ክሬም፣ ወተት፣ ስኳር፣ ቫኒላና ፈሳሹን የሚያረጋው ጄላቲን፤ በቃ። እንዲህ ቀለል ያለ ስለሆነ የሌላ አገር ጣዕም ለመሞከር ይመቻል። የጃፓን ማቻ (የአረንጓዴ ሻይ ዱቄት)፣ የታይላንድ ኮኮናት፣ የህንድ ሄል፣ ሁሉም ያምሩበታል። ግን አዲሱ ነገር ጣዕሙን ብቻ ይዞ አይመጣም። አሲድ፣ ቅባት፣ ዱቄት ወይም ኢንዛይም አብሮት ይገባል። ፓናኮታው ሲበላሽ መጠየቅ ያለብን «ምን ጨመርኩ?» ብቻ ሳይሆን «የጨመርኩት ነገር ጄላቲኑንና ክሬሙን ምን አደረጋቸው?» ብለን ነው።

መነሻ ልኬት ይኑረን። 7 ግራም የጄላቲን ዱቄት ለ700 ሚሊ ሊትር ያህል ፈሳሽ ይበቃል፤ ለስለስ ብሎ የሚርገበገብ ፓናኮታ ይወጣዋል። ዱቄቱ መጀመሪያ በ3 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይዘፈዘፋል። ከዚያ ትኩስ ክሬም ውስጥ ገብቶ ይሟሟል።

ፍሪጅ ውስጥ አድሮም አልረጋም

እኔን በጣም ያስቸገረኝ ዝንጅብል ነው። ትኩስ ዝንጅብል ፈቅፍቄ ጭማቂውን ለብ ያለ ክሬም ውስጥ ጨመርኩ። ጠዋት ስከፍተው ፈሳሽ ነው። ጄላቲኑ ያነሰ መስሎኝ በማግስቱ ጨመር አደረግኩ። ያው ነው።

ለካ ችግሩ መጠኑ አይደለም። ጄላቲን ፕሮቲን ነው። ትኩስ ዝንጅብል፣ አናናስ፣ ፓፓያና ኪዊ ደግሞ ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኢንዛይም አላቸው። ፈሳሹን አስሮ የሚይዘው መረብ ገና ሳይሠራ ይበጣጠሳል። ጄላቲን ብትጨምሩ ኢንዛይሙ እሱንም ይበላዋል።

መፍትሄው እሳት ነው። ፍሬውን ፈጭታችሁ፣ ወይም የዝንጅብሉን ጭማቂ ለብቻው፣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አፍሉት። ከዚያ ቀዝቀዝ ሲል ጨምሩት። የቆርቆሮ አናናስ ሲታሸግ በሙቀት ያለፈ ስለሆነ ሳታፈሉት መጨመር ትችላላችሁ። በረዶ የሆነ ፍሬ ግን አያስተማምንም። ብርድ ኢንዛይሙን ያስተኛዋል እንጂ አያጠፋውም።

ሌላው መንገድ አጋር አጋር ነው። ከባህር አረም የሚሠራ ስለሆነና ፕሮቲን ስላልሆነ እነዚህ ፍሬዎች አይነኩትም። ከጄላቲን በተቃራኒ አጋር መፍላት አለበት፤ 2 ደቂቃ ያህል። ሲረጋ ግን እንደ ጄላቲን አፍ ውስጥ አይቀልጥም። እንደኔ ከሆነ ለፓናኮታ ጄላቲን ይሻላል።

የዝንጅብሉ ፓናኮታ አንዴ ከተበላሸ መጣል የለበትም። አሙቁት፣ ጥቂት አፍሉት፣ አጥልሉት፣ ከእሳት አውርዳችሁ አዲስ የተዘፈዘፈ ጄላቲን ጨምሩበት። የአናናሱን ግን በብርጭቆ ቀድታችሁ ጠጡት። ከክሬም ጋር ሲፈላ አሲዱ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ይኸው የዝንጅብል ኢንዛይም በደቡብ ቻይና ጣፋጭ ይሠራበታል። 70 ዲግሪ ያህል የሞቀ ወተት በዝንጅብል ጭማቂ ላይ ይፈስና ያለ ጄላቲን ይረጋል። የጄላቲን ጠላት የሆነው ኢንዛይም ወተትን ያረጋል። ይህን ሳውቅ ለዝንጅብል የነበረኝ ቅሬታ ጠፋ።

ኢንዛይም ያለው ነገር ሳትጨምሩ ካልረጋ ሁለት ነገር መርምሩ። ጄላቲኑ ከገባ በኋላ ድስቱ ብዙ ፈልቷል? ረጅም መፍላት ጄላቲንን ያደክማል። የጨመራችሁት አልኮል በዛ? እሱም እንዳይረጋ ያደርጋል። ደግሞም ቢያንስ 4 ሰዓት፣ ቢቻል ሌሊቱን ሙሉ ጠብቁት።

ክሬሙ አይብ አይብ መሰለ

ይህ የፓሽን ፍሩት፣ የሎሚና የታማሪንድ ችግር ነው። አሲድ የወተቱን ፕሮቲን ይሰበስበዋል፤ ሙቀት ሲኖር ደግሞ በጣም ይፈጥናል። ጥፋቱ ኮምጣጣውን በትኩስ ክሬም ላይ ማፍሰስ ነው።

ክሬሙ እጅ ሲነካው ለብ እስኪል ጠብቁና ጭማቂውን በቀጭኑ እያፈሰሳችሁ አማስሉ። ወተቱን ቀንሳችሁ ክሬሙን ብታበዙ ይረዳል፤ ቅባት የበዛበት ክሬም አሲድን የበለጠ ይችላል። የእኔ ምርጫ ግን መለየት ነው። ነጩ ፓናኮታ ብቻውን ይርጋ፤ ኮምጣጣው ከላይ ይፍሰስ። ጣዕሙም ጎልቶ ይወጣል።

አንዴ ከተቋጠረ በማጥለያ ማሳለፍ ጥቂት ያሻሽለዋል። እንደ መጀመሪያው ልስልስ ግን አይሆንም።

ከላይ ሌላ፣ ከታች ሌላ ሆነ

ኮኮናት ከሆነ ቅባቱ ወደ ላይ ወጥቷል። ማቻ ከሆነ ዱቄቱ ታች ዘቅጧል። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ገና ትኩስና ቀጭን እያለ ኩባያ ውስጥ ገብቷል። እስኪረጋ ድረስ ለመለያየት በቂ ጊዜ ነበረው።

ድስቱን በረዶ ያለበት ውሃ ላይ አስቀምጡና ቀስ እያላችሁ አማስሉ። እንደ ወፍራም ክሬም ማንኪያው ላይ መያዝ ሲጀምር ወደ ኩባያ ቅዱ። ቶሎ ስለሚረጋ የሚዘቅጥበት ጊዜ አያገኝም። የኮኮናት ወተቱን ቆርቆሮ ከመክፈታችሁ በፊት በደንብ ናጡት።

ማቻ እንክብል ከሠራም በቀጥታ ክሬም ላይ ስለተበተነ ነው። 2 የሻይ ማንኪያ ማቻ በወንፊት ንፉ፤ 70 ወይም 80 ዲግሪ በሆነ ትንሽ ውሃ ለጥ እስኪል ምቱት፤ ከዚያ ክሬሙን ጥቂት በጥቂት ጨምሩበት። የፈላ ውሃ ምሬቱን ያወጣዋል።

ድስቱ ላይ ጣፍጦ፣ ፍሪጅ ሲገባ ጣዕሙ ጠፋ

ቅዝቃዜ ጣፋጭነትንም ሽታንም ያደበዝዛል። ስለዚህ ትኩሱን ስትቀምሱ ትንሽ በዛ ያለ ሊመስላችሁ ይገባል። ልክ ከሆነ ሲቀዘቅዝ ያንሳል። ቁንጥር ጨውም ይረዳል።

ቅመም በዱቄት አትጨምሩ፤ አፍ ላይ ይሻክራል። ሄሉን ሰበር ሰበር አድርጋችሁ ትኩስ ክሬም ውስጥ ጨምሩና ከድናችሁ 20 ወይም 30 ደቂቃ አቆዩት። ካጠለላችሁ በኋላ ፈሳሹን እንደገና ለኩ። የጎደለውን በክሬም ካልሞላችሁ ጄላቲኑ ይበዛበትና እንደ ጎማ ይሆናል። የጽጌረዳ ውሃ ግን መጨረሻ ላይ፣ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨምራችሁ ቅመሱ። ከበዛ ሳሙና ሳሙና ይላል፤ መመለሻ የለውም።

እንደ ጎማ ሆነ

ጄላቲን በዝቷል። በእንፋሎት ላይ ቀስ ብላችሁ አቅልጡት፣ ክሬም ጨምሩ፣ መልሳችሁ አርጉት። ጄላቲን ቀልጦ እንደገና መርጋት ይችላል።

ሁለቱ ቀለሞች ተደባለቁ

ሁለተኛው ንብርብር ትኩስ ነበር። የታችኛው በደንብ ይርጋ፤ የላይኛው ደግሞ ይቀዝቅዝ፤ ግን ገና ፈሳሽ እያለ ይጨመር። በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ ብሎ ይፍሰስ።

ከኩባያው አልወጣም

ኩባያውን ትኩስ ውሃ ውስጥ 5 ሰከንድ ያህል ንከሩ። ጠርዙን በጣት ሳብ አድርጉት፤ አየር ሲገባ ይለቃል። ኩባያውን ከመገልበጣችሁ በፊት ሳህኑን ትንሽ ውሃ አስነኩት። ፓናኮታው ወደ አንድ ጥግ ቢያርፍ ገፋ አድርጋችሁ መሃል ላይ ታመጡታላችሁ።